ቦሎቄ በስኳር

ሚዛኔ ጣቴ ነው። መጋዘን ውስጥ፣ ኬሻ ላይ ተቀምጬ፣
ነጩን ከቀዩ ስለይ አሥር ዓመት፣ ግማሹን አቧራ ውጬ።
ነጩ ቦሎቄ ይታሸጋል፣ ባሕር ይሻገራል፤
ቀዩ በመዝገቡ ላይ «ባዕድ ነገር» ይባላል፤
ይጠረጋል።
ቅዳሜ ማታ ግን ካቦው እያየ አያይም፤
አንድ ጣሳ ባዕድ ነገር ቢነሣ አዳማ አትጎድልም።

ሳቶሚ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ነበር፣ ሁለት ዓመት፤
የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህርት፣
አማርኛዋ እንደ አዲስ ጫማ የሚያስነክሳት።
አንድ ቀን ጣሳዬን አየች። ዘገነች፣ አሸተተች፣
«ይህ እኛ ዘንድ ጣፋጭ ነው» አለች።
እትዬ ወርቅያንጥፉ ከልብስ አጠባቸው ቀና ብለው፣ «ቦሎቄ በስኳር?
በሉ እንግዲህ፣ ነገ ደግሞ ሽሮ በማር!»

አሁን ሄዳለች። ውሏ አለቀ፤ ክፍሏን ባጃጅ ነጂ ገባበት፤
እኔ ዘንድ የቀረው «ቦሎኬ» ብላ የጻፈችው ወረቀት፣
ጥጉ ላይ የድስት ክብ ያለበት።

የመጀመሪያውን ውኃ ድፊው ይላል፤ ምሬቱ አብሮት ይሄዳል።
ሁለተኛው ውኃ ከከሰሉ ጋር ቀስ ብሎ ይመካከራል፤
በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መሃል
ፍሬው ያለ ክርክር ሲፈርስ፣ በስሏል።
ወንፊት ከሌለሽ ልጣጩን ተዪው፤ ልጣጭ ሰው አይገድልም።
(ይኸኛው የእኔ ነው፤ እሷ እንዲህ አትልም።)

ከዚያ ስኳር። ለአንድ ጣሳ ፍሬ አንድ ጣሳ፣ ቢጎድል ጥቂት!
ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ፣
እኛ በሸማቾች ሱቅ በር ላይ፣ ፌስታል ይዘን ከጠዋት።
ባለፈው ወር ብቻዬን ጣድኩት፤ አሳረርኩት።
ድስቱን በአሸዋ ስፈትግ ሁለት ቀን አመሸሁበት።
ፍሬው የጥራጊ ነው፤ ለፍሬው አላዘንኩ፤
ለስኳሩ ግን፣ ለዚያ ሰልፍ፣ ቁጭ ብዬ ተከዝኩ።

አባቴ ሂርጳ ወንጂ ላይ ሠላሳ ዓመት ስኳር አፍልቶ፣
ስኳር ይዞት በጡረታ ወጣ፣ ሁለት የእግር ጣት ለሐኪም ሰጥቶ።
ሰፈሩ «አብሳዩን በላው» ይላል፤
እሱም አብሮ ይስቃል፤
ሻዩን ግን ባዶውን ይጠጣል።
ሳቶሚ ድስት በጣደች ቁጥር ከግቢ ይወጣ ነበር፣
ምርኩዙን ይዞ እስከ አስፋልቱ፣ የባጃጅ ወረፋ ሊቆጥር።

ዛሬ አልወጣም።
ለምን? ብዬ አልጠየቅሁም።
የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ ጀርባውን ለድስቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።
ቆይቶ፣ «ዲንቄ፣ እሳቱን ቀንሺ» አለኝ፤ «ድምፁ ተለወጠ።
ስኳር ውኃ እያለው ይስቃል፤ ውኃው ሲርቀው ያጉረመርማል፤
ዝም ሲል ግን ሩጪ፤
ዝም ያለ ስኳር ያርራል።»

ወረቀቱ «ማንኪያሽ መንገድ እስኪከፍት» ይላል፣ «ከዳር እስከ ዳር»፤
አባቴ ለወረቀት ግድ የለውም፤ ተነሣ፣
ማማሰያውን ከእጄ ወስዶ ያማስል ጀመር።
የድስቱ ወለል ታየ፤ መልሶ ተዘጋ። እንደገና ታየ።
በሦስተኛው መንገዱ ቆመ፣ ግራና ቀኙ እንደተለያየ።
«ይበቃዋል» አለ።
ይህን ቃል ወንጂ ላይ ለስንት ሰው ሻይ ብሎት ይሆን? እንጃ።
ቁንጥር ጨው ጣል አደረግሁበት፤ «ጨውም አለው?» ብሎ ተገረመ፤
ለካ ሠላሳ ዓመትም ያልነገረው ነገር አለ።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ደረሱ፣ ግማሽ ዳቦ በሰሃን ይዘው፣
ሽሮ በማሩን ረስተው፤
«ለመሆኑ የጾም ነው?»
«የጾም ነው፤ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው።»
«ታዲያ ምን ታዪኛለሽ!» አሉ፣ ሰሃኑን አስጠግተው።

ለእሳቸው ልቀባ ዞር አልኩ።
አባቴ ማማሰያውን ይዟል፤ ገና አላስቀመጠም።
ከጫፉ ላይ፣ በጥፍሩ፣ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል፤
እኔም እንደ ካቦው
እያየሁ አላየሁም።